ዋጋውን በአደባባይ የጻፈው ገንዳ ሠሪ

ፌስቡክ ላይ አንድ ዕቃ አያችሁ እንበል። ፎቶው ያምራል። ዕቃውንም ስትፈልጉት ነበር። ዋጋው ግን አልተጻፈም። ከሥሩ ሃያ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ለሃያውም የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»።

እኔ እዚህ ጋ ስደርስ አልፌ እሄዳለሁ። ሻጩን ጠልቼው አይደለም። ዋጋ ለመስማት ብቻ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ስለሚከብደኝ ነው። ከሃያዎቹ ጠያቂዎች መካከል ገንዘቡን ይዞ የመጣ ይኖራል። እሱም እንደኔ ወደ ሌላ ገጽ ሄዶ ይሆናል።

ዛሬ የማወራችሁ ይህችኑ ጥያቄ በአደባባይ መልሶ ከመዘጋት ስለዳነ ድርጅት ነው። ሪቨር ፑልስ ኤንድ ስፓስ ይባላል። ያለው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሥራው የመዋኛ ገንዳ መግጠም ነው። በብሎግ ንግድን ስለማስተዋወቅ ሲነሳ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ታሪክ ነው። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ቆንጆ ፎቶ፣ ብዙ ተከታይ ወይም ትልቅ በጀት አልነበራቸውም። የነበራቸው የደንበኞቻቸው ጥያቄ ብቻ ነው። (ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከችግሩ በፊት

ድርጅቱ የተጀመረው በ2001 ነው። ባለቤቶቹ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ማርከስ ሸሪዳን ይባላል፤ የሽያጩንና የማስታወቂያውን ነገር የያዘው እሱ ነበር።

የሚሸጡት ገንዳ ፋይበርግላስ ነው። ይህን ትንሽ ላብራራው፤ በኋላ ያስፈልገናል። ገንዳ በብዛት በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ኮንክሪት ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ብረት ታስሮ እዚያው ይሞላል። ሁለተኛው ቪኒል ነው፤ ግድግዳ ይቆምና ውስጡ በወፍራም ላስቲክ ይለበሳል። ሦስተኛው ፋይበርግላስ ነው። ይሄኛው እንደ ጀልባ ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ ይወጣል። ከዚያ ሙሉውን በትልቅ መኪና ተጭኖ ይመጣና የተቆፈረለት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል።

ያን ጊዜ ደንበኛ የሚያገኙት ሁሉም ሰው በሚያገኝበት መንገድ ነበር። ሬዲዮ ላይ ያስነግራሉ። ቴሌቪዥን ላይ ያስነግራሉ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሰው በጫነ ቁጥር የሚከፈልበት ማስታወቂያ ያወጣሉ። በ2007 ለዚህ ሁሉ ያወጡት ገንዘብ 250,000 ዶላር ገደማ ነው። የዓመቱ ሽያጫቸው ደግሞ ከ4 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ያልፋል። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ 6 ዶላር የሚሆነው ለማስታወቂያ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ገበያው እስካለ ድረስ ይህ ብዙም አይታወቅም። ሲቀዘቅዝ ግን መጀመሪያ የሚያንቀው እንዲህ ያለው ወጪ ነው።

ገበያው ደግሞ ቀዘቀዘ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ ባንክ መስከረም 15 ቀን 2008 ኪሳራ አወጀ። የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ። የቤት ዋጋ ከዚያ በፊትም እየወረደ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ገንዳ የሚያስገባው ቤቱን አስይዞ በሚበደረው ገንዘብ ነው። የቤቱ ዋጋ ሲወርድ የሚያስይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ የገንዳ ገበያው ቀስ ብሎ አልቀነሰም። ድንገት ነው የቆመው። እያንዳንዳቸው ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ገንዳ ሊያሠሩ የተስማሙ ደንበኞች ደውለው ቀብዳቸውን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። በ2009 መጀመሪያ ላይ የድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ለሳምንታት ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር።

እንዲህ ያለ ቀን የገጠመው ነጋዴ የሚለው ነገር ይታወቃል። «ማስታወቂያ እንጨምር» ይላል። እነሱ ግን የሚጨምሩት ገንዘብ አልነበራቸውም። ይህ ችግር ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ነገር አይመጣም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማታ ማታ የተጻፈ ብሎግ

ሸሪዳን ያን ሰሞን ስለ ኢንተርኔት ግብይት ማንበብ ጀመረ። ሃሳቡ አዲስ ነበር። ሰውን እያሳደዱ ማስታወቂያ ከማሳየት ይልቅ ሰው ራሱ ፈልጎ የሚመጣበትን ነገር ማዘጋጀት ይቻላል የሚል ነው። ብሎግና ማኅበራዊ ሚዲያ የዚህ መሣሪያ ናቸው ይባል ነበር።

እሱ ግን ነገሩን ወደ ራሱ አዞረው። እኔ ራሴ ጎግል ላይ ምን አደርጋለሁ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ቀላል ነው። ጥያቄ ይጽፋል፤ መልስ ይፈልጋል። ከዚያ የገንዳ ሻጮችን ዌብሳይት ተመለከተ። የራሱንም ጨምሮ ማለት ነው። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ነው። ይህን ያህል ዓመት ሠርተናል። ጥራታችን የታወቀ ነው። ለደንበኛ ክብር እንሰጣለን። የገዥውን ጥያቄ የሚመልስ ግን ማግኘት ከባድ ነበር።

ስለዚህ ተቀምጦ ለዓመታት ከደንበኞች የሰማቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ዘረዘረ። ጥያቄ አላጠረውም። በየደንበኛው ቤት እየሄደ ገንዳ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሰው ምን እንደሚፈራ ያውቃል። ምን ሲባል ፊቱ እንደሚለወጥ ያውቃል። እያንዳንዷ ጥያቄ የአንድ ጽሑፍ ርዕስ ሆነች። ቃሏንም አልለወጠም። ደንበኛው «ስንት ያወጣል?» ካለ ርዕሱም «ስንት ያወጣል?» ነው። በቢሮ ቋንቋ «የዋጋ አማራጮች» አላላትም።

ቀን ሥራ ላይ ነው። የሚጽፈው ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጸሐፊ አልነበረም። አልቀጠረምም። እንደሚያወራው ጻፈው። እኔ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆም እላለሁ። ብዙ ነጋዴ «እኔ መጻፍ አልችልም» ይላል። ነገር ግን ደንበኛ ፊት ቆሞ ስለ ዕቃው ግማሽ ሰዓት ያወራል። ያቺ የግማሽ ሰዓት ወሬ እኮ ጽሑፉ ናት።

ሁሉም የሚሸሻት ጥያቄ

ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ስለ ዋጋ ነበር። የፋይበርግላስ ገንዳ ስንት ያወጣል?

በዚያ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ዋጋ ዌብሳይታቸው ላይ አይጽፉም ነበር። ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ገንዳ ሁሉ አንድ ዋጋ የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተፎካካሪ ያየዋል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ደንበኛ ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ በአካል እናግኘው የሚል ነው። እነዚህን ሦስት ምክንያቶች እኔ ስለ ገንዳ ምንም ከማያውቁ ነጋዴዎች ሰምቻቸዋለሁ። ልብስ ሻጭም ይላቸዋል፤ ሶፍትዌር ሠሪም ይላቸዋል፤ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭም ይላቸዋል።

የመጀመሪያው ምክንያት እውነት ነው። የገንዳ ዋጋ እንደ ሁኔታው ነው። ሸሪዳንም አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አልጻፈም። ልዩነቱ «እንደ ሁኔታው ነው» ብሎ አለማቆሙ ነው። የትኛው ሁኔታ? የገንዳው ስፋትና ጥልቀት ስንት ነው? መሬቱ አፈር ነው ወይስ ድንጋይ? ገንዳውን የጫነው መኪና ጓሮ ድረስ ይገባል ወይስ ክሬን ያስፈልጋል? በዙሪያው ምን ያህል ኮንክሪት ይነጠፋል? አጥር አለ? ማሞቂያ አለ? መሸፈኛስ? እነዚህ ዋጋውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስዱ ነገሮች ናቸው። ይህን ዘርዝሮ ከየት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ጻፈ። ያነበበው ሰው ትክክለኛውን ዋጋ አያውቅም። ነገር ግን የእሱ ገንዳ ወደየትኛው ጫፍ እንደሚጠጋ ያውቃል። አቅሙ እንደሚፈቅድና እንደማይፈቅድም ያውቃል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ተፎካካሪ ያየዋል የሚለው፣ ብዙ ውሃ አያነሳም። በአንድ ገበያ ውስጥ ያሉ ሻጮች የአንዳቸውን ዋጋ አንዳቸው ያውቁታል። የማያውቀው ገዥው ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲደበቅ የሚደበቀው ከማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሦስተኛው፣ ደንበኛ ይደነግጣል የሚለው፣ ከሁሉም የሚገባኝ እሱ ነው። ሰው በአካል ሲያገኙት ይለሳለሳል፤ ይህን ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እስኪ ገዥውን እናስበው። ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ስልኩን ይዞ «የፋይበርግላስ ገንዳ ዋጋ» ብሎ ጻፈ። አንድ ዌብሳይት ከፈተ፤ ዋጋ የለም። ሁለተኛውን ከፈተ፤ «ይደውሉልን» ይላል። ሦስተኛው ላይ ሙሉ ማብራሪያ አገኘ። ማንን ነው የሚያምነው? ሌሎቹ ሁለቱ እኮ ምንም አልዋሹም። ግን ዝም አሉ። በዚያ ሰዓት ዝምታ የሚነበበው እንደ መደበቅ ነው።

ጎግልም በዚያው መንገድ አነበበው። የፍለጋ ሞተር ሥራው ለጥያቄ መልስ ማቅረብ ነው። ለዚህች ጥያቄ ፊት ለፊት የተጻፈ መልስ ያኔ ብዙም ስላልነበረ የሸሪዳን ጽሑፍ ወደ ፊት ወጣ። ስለ ፋይበርግላስ ገንዳ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ድርጅት ብሎግ ላይ ይደርስ ጀመር። ለዚያ አንድ ሳንቲም ለጎግል አልተከፈለም።

ከዓመታት በኋላ ሸሪዳን ሲናገር፣ ከዚያች አንዲት ጽሑፍ የመጣውን ሽያጭ ተከታትሎ ቢያንስ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ማግኘቱን ገልጿል። አንድ ማታ ተቀምጦ የጻፋት ጽሑፍ ናት።

ጉድለትን በራስ እጅ መጻፍ

ከዋጋ በኋላ ያሉት ርዕሶች ይበልጥ ያስፈራሉ። የፋይበርግላስ ገንዳ ችግሮች ምንድን ናቸው? ይህንን ራሱ ፋይበርግላስ የሚሸጥ ሰው ነው የጻፈው።

ችግር አለበት እንዴ? አለበት። ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ ስለሚወጣ እንደፈለጉ ቅርጹን መለዋወጥ አይቻልም። በመኪና ተጭኖ መንገድ ላይ ስለሚሄድ ስፋቱ ወሰን አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከ16 ጫማ፣ ማለትም ወደ 5 ሜትር ከሚጠጋ ስፋት አያልፍም። ከዚያ የሰፋ ገንዳ የሚፈልግ ሰው ኮንክሪት ቢያሠራ ይሻለዋል። በመጀመሪያ የሚከፈለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቪኒል ይበልጣል። ሸሪዳን ሦስቱን የገንዳ ዓይነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነጻጽር ይህን ሁሉ አልሸሸገም። የቪኒሉ ላስቲክ በየተወሰነ ዓመት እንደሚቀየርም ጻፈ። ኮንክሪቱ ውስጡ በየጊዜው እንደሚታደስም ጻፈ። ማን የትኛውን ቢገዛ እንደሚሻለው ለአንባቢው ተወለት።

ይህ ለሻጭ ከባድ ነው። አንዳንዱን ደንበኛ «ይህ ለአንተ አይሆንም» ብሎ መመለስ ነው። ግን ያ ደንበኛ ድሮም አይገዛም ነበር። የሚለየው ነገር ቢኖር፣ ድሮ ሻጩ ሰዓታት ነድቶ ቤቱ ድረስ ከሄደ በኋላ ነበር የሚያውቀው። አሁን ሰውየው ቤቱ ሆኖ አንብቦ ራሱን ያወጣል። የቀረው ደግሞ ጉድለቱን አውቆ የመጣ ነው። ጉድለቱን ከማን እንደሰማም ያስታውሳል።

ከሁሉም ደፋር የምለው ግን ሌላ ነው። ደንበኞች ሌላ ማንን ብናይ ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ሸሪዳን ይህንንም መለሰ። በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ አካባቢ ያሉ ጥሩ ገንዳ ሠሪዎችን ስም ዘርዝሮ ጻፈ። ሁሉም ተፎካካሪዎቹ ናቸው። የራሱን ድርጅት ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ስለ እነሱም በክብር ነው የጻፈው።

የሆነውን ገምቱ። ከእነዚያ ድርጅቶች ከአንዱ ገንዳ ለመግዛት ያሰበ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት ስማቸውን ጎግል ላይ ይጽፋል። ሰው ምን ይላል ብሎ ነው። ፍለጋው የሚያመጣለት ደግሞ የሸሪዳንን ብሎግ ነው። ያነብና «ተፎካካሪውን እንዲህ የሚያመሰግን ሰው ማነው?» ይላል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ጽሑፎች ያልፋል። በዚህ መንገድም ሽያጭ መጣ።

ሠላሳ ገጽ

ይህ ሁሉ ግምት እንዳይመስላችሁ፣ የሚለካበት መሣሪያ ነበረው። በ2006 የተመሠረተው ሀብስፖት የተባለው ድርጅት የሚያቀርበውን ሶፍትዌር ይጠቀም ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ወደ ዌብሳይቱ ሲገባ ትንሽ የመለያ ፋይል ብራውዘሩ ላይ ይቀመጣል። ያ ሰው ከሳምንት በኋላ ቢመለስ ይታወቃል። አንድ ቀን «ዋጋ አውጡልኝ» ብሎ ስሙንና ስልኩን ሲሞላ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያነበባቸው ገጾች በስሙ ይያያዛሉ። ኋላ ገንዳ ሲገዛ ወደ ኋላ ተሄዶ በየትኛው ጽሑፍ እንደገባ ይታያል። የ1.7 ሚሊዮኑ ቁጥር የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሸሪዳን ይህን መረጃ ሲመረምር አንድ ነገር አየ። ገንዳ የገዙትንና ሳይገዙ የቀሩትን አነጻጸረ። ከቤት ጉብኝቱ በፊት 30 ወይም ከዚያ በላይ የዌብሳይቱን ገጾች ያነበቡ ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ይገዛሉ። ይህ በሥራው ከተለመደው እጅግ የራቀ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባል። ሠላሳ ገጽ ስላነበበ ነው የገዛው? ወይስ ድሮም ሊገዛ የቆረጠ ሰው ስለሆነ ነው ሠላሳ ገጽ ያነበበው? ለመግዛት የወሰነ ሰው ብዙ ያነባል። ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ ተነስቶ «ማንበብ ያስገዛል» ማለት አይቻልም።

ሸሪዳን ግን ቁጥሩን እንደ ወሬ አልተወውም። አሠራር አደረገው። ደንበኛ ደውሎ «ቤት ድረስ መጥታችሁ ዋጋ አውጡልን» ሲል፣ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት እንዲያነብ ጽሑፍ ይልክለታል፤ እንዲያይም ቪዲዮ ይልክለታል። «ይህን አንብቡልኝ፤ ስንገናኝ ጊዜያችሁን አላባክንም» ነው ነገሩ። የማያነብ ደንበኛ ጋ ለመሄድ አይቸኩልም። ሻጭ ደንበኛ ጋ ሄዶ መሠረታዊ ነገር ሲያስረዳ የሚያጠፋው ሰዓት ተቀነሰ። ወደ ውሳኔ የሚወስደው ጊዜም አጠረ።

ብሎግን ከዚህ አንጻር የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ብሎግ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ብቻ ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን የጽሑፉ እኩል ጥቅም ቀድሞ የመጣውን ደንበኛ ማዘጋጀት ነው። ዛሬ በቴሌግራም ለአንድ ጠያቂ የምትልኩት ሊንክ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል። ያንኑ መልስ ለመቶኛ ጊዜ ከመጻፍ አንዴ በደንብ ጽፎ መላክ ነው።

በ2011 የድርጅቱ ሽያጭ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ከቀውሱ በፊት ከነበረው በለጠ። የማስታወቂያ ወጪው ከ250,000 ወደ 20,000 ዶላር ገደማ ወረደ። ኒው ዮርክ ታይምስም በ2013 ታሪኩን ይዞት ወጣ።

ማኅበራዊ ሚዲያው የት ገባ?

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ዛሬ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ነው ያለው፤ ብሎግ ማን ያነባል?

እውነት ነው፣ ዋናውን ሥራ የሠራው ጽሑፍና ፍለጋ ነው። ቪዲዮም ተከተለ። ድርጅቱ ያንኑ ጥያቄና መልስ በቪዲዮ እየሠራ ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ዩቲዩብን ጎግል የገዛው በ2006 ነው። ሰው ዩቲዩብም ላይ ጥያቄ ጽፎ ይፈልጋል። ስለዚህ የጽሑፉ ስልት እዚያም ሠራ። ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ገንዳው በክሬን ሲወርድ፣ ውሃ ሲሞላ ማየት ደግሞ ጽሑፍ የማይሰጠው ነገር አለው።

ፌስቡክና መሰሎቹ ግን ባሕርያቸው ይለያል። እዚያ ያለ ሰው ጥያቄ ይዞ አልመጣም። ወዳጆቹን ሊያይ ነው የመጣው። ዛሬ የለጠፋችሁት ነገ ከሥር ይቀበራል። ፌስቡክ በጥር 2018 የወዳጅና የቤተሰብ ልጥፎችን አስቀድማለሁ፤ የድርጅቶችና የገጾች ልጥፍ ይቀንሳል ብሎ በይፋ አስታውቋል። ጎግል ፕላስ ለተራው ተጠቃሚ በሚያዝያ 2019 ተዘግቷል፤ እዚያ የተለጠፈውም አብሮ ጠፍቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ያህል አብረው ሲቋረጡ በእነሱ ብቻ የሚሸጥ ሰው እጁን አጣምሮ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ይህን የምለው ማኅበራዊ ሚዲያን ተዉት ለማለት አይደለም። እኔ ከሪቨር ፑልስ የምወስደው የሥራ ክፍፍሉን ነው። ሙሉው መልስ በራሳችሁ ገጽ ላይ ይቀመጥ። ፌስቡኩና ቴሌግራሙ ከዚያ መልስ አንድ ነጥብ እየወሰደ ሰው ያምጣ። ሌላው ደግሞ፣ ለእኔ የበለጠ ዋጋ ያለው፣ ከልጥፎች ሥር የሚጻፈው ጥያቄ ነው። ሸሪዳን ጥያቄውን ለመሰብሰብ ዓመታት በየሰው ቤት ዞሯል። ዛሬ ደንበኛ ጥያቄውን በገዛ ቃሉ ጽፎ በነፃ ያስቀምጥላችኋል። ሃያ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ሲጽፍ፣ ቀጣዩ ጽሑፍ ስለ ምን መሆን እንዳለበት ሃያ ጊዜ እየነገራችሁ ነው።

ለሁሉም ይሠራል ወይ?

እንደወረደ ቀድቶ መውሰድ አይሆንም። ገንዳ ውድ ነገር ነው። ሰው ለወራት ያስብበታል፤ ያነባል፤ ያወዳድራል። ትንሽ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሠላሳ ገጽ አያነብም። ለእሱ ግልጽ ዋጋ፣ ሁለት እውነተኛ ፎቶና የመመለሻ ደንቡ ይበቃዋል።

ጊዜውም ተለውጧል። በ2009 ጥያቄውን የመለሰ ሻጭ እምብዛም ስላልነበረ ቀድሞ የጻፈ ሰው ሜዳውን ብቻውን አገኘው። ዛሬ በብዙ ሥራ ላይ መልስ የሚሰጥ ብዙ ነው። ጎግልም መልሱን እዚያው የፍለጋው ገጽ ላይ እያሳየ ሰው ወደ ዌብሳይት ሳይገባ ይመለሳል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ጠቅላላ መልስ በሰከንድ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከየትም የሚገኝ ጠቅላላ ነገር መጻፍ አሁን ብዙ አያዋጣም። ሥራውን የሠራው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ግን አሁንም ቦታ አለው። የት ላይ እንደሚሰነጠቅ፣ ለማን እንደማይሆን፣ የትኛው ወጪ ድንገት እንደሚመጣ።

በአማርኛ ደግሞ ሜዳው ገና ሰፊ ነው። ስለ አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት በአማርኛ ጠይቃችሁ ሙሉ መልስ ያገኛችሁት መቼ ነው? እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ስልክ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ቀድሞ የሚጽፍ ሰው የ2009ኙን ሸሪዳን ዕድል የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ትዕግሥት ነው። ብሎግ በሳምንት አያበላም። ሸሪዳን በሳምንት ሁለት ሦስት ጽሑፍ እያወጣ ነው የቀጠለው፤ ያውም ድርጅቱ አደጋ ላይ ባለበት ሰዓት። ሦስት ጽሑፍ ጽፎ «አልሠራም» የሚል ሰው ገና አልሞከረውም።

ሪቨር ፑልስ ከዚያ ወዲህ አድጓል። የሌላ ፋብሪካ ገንዳ ከመግጠም አልፎ ራሱ የፋይበርግላስ ገንዳ ማምረት ጀምሯል። ስሙን ለሌሎች ገጣሚዎችም በፍራንቻይዝ ይሰጣል። ሸሪዳን ከዕለት ሥራው ወጥቶ ይህንኑ አሠራር ለሌሎች ድርጅቶች ያስተምራል። የዋጋው ጽሑፍ ግን አልተተወም። የገንዳ ዋጋ ሲለወጥ ቁጥሩ ይታረማል፤ አዲሱ ዓመት ይጻፍበታል፤ እዚያው ገጽ ላይ ለሚመጣው ጠያቂ ይቀመጣል።